ለጉድጓድ ካሜራዬ ክንድ ስመርጥ

የካሜራ ዕቃ ሲባል ልክፍት አለብኝ። ይህን ቤተሰቤም፣ ወልድያ ውስጥ ሰርግ የደገሰ ሰው ሁሉም ያውቀዋል። ሥራዬ የሰርግ ቪዲዮ መቅረጽ ነው፤ አስራ ምናምን ዓመት ሆነኝ። ሌላዋ ሴት የወርቅ ቤት መስታወት ላይ ተለጥፋ ስትውል እኔ የምለጠፈው የካሜራ ማቆሚያና የመብራት መያዣ የሚሸጥበት ሱቅ ላይ ነው። የማልገዛውንም ዕቃ ቢሆን አንስቼ ካልገጣጠምኩ፣ ብሎኑን አላልቼ መልሼ ካላጠበቅኩ አልወጣም። ባለሱቆቹ ስለለመዱኝ «ዛሬ ደግሞ ምን ልትፈቺ መጣሽ?» ይሉኛል። ይህ አመሌ ከሰርግ ውጪ ለምንም ይረባል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም ነበር።

ባለፈው በጋ አንድ ሰኞ ጠዋት አክስቴ፣ የአጎቴ ሚስት፣ ደወሉልኝ። አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሐብሩ ውስጥ፣ ከመርሳ አለፍ ብሎ ውርጌሳ ሳይደረስ፣ ብርቱካንና ማንጎ የሞላበት ማሳ አላቸው። ማሳው የሚጠጣው እሳቸው በጉልምስናቸው ከቆፈሩት ጉድጓድ ነው፤ ሞተር ፓምፕ ውሃውን እየሳበ ያወጣዋል።

«አፈር ስሆንልሽ ድረሽልኝ» አሉኝ። «ሽማግሌው ጉድጓድ እገባለሁ ብሎ ተነስቷል።»

«ምን ሊሠሩ?»

«ውሃው አንሶብናል። ሞተሩ ግማሽ ሰዓት ይስብና አየር መማግ ይጀምራል። ሁለት ቆፋሪዎች መጥተው አይተው እኛ አንገባም ብለው ሄዱ። እሱ ደግሞ ፈሪዎች ናቸው ይላል። ጁምዓን ሰግጄ ቅዳሜ እገባለሁ ብሏል፤ ወላሂ ይገባል። አንቺን ይሰማል፣ ነይና አንድ በይው።»

አጎቴ እኔን ይሰማሉ መባሉ ያስቃል። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ እስካሁን ማንንም ሰምተው አያውቁም። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ጉድጓዱ አስራ ስድስት ሜትር ይጠልቃል፤ ከላይ እስከ ታች የሲሚንቶ ቀለበት ተደራርቦበታል። በእኛ አካባቢ ጉድጓድ ሰው እንደሚበላ የማያውቅ የለም። የሞተር ጭስ ታች ይተኛል፣ ግድግዳ ይናዳል፣ የገባን ሰው ላውጣ ብሎ የተከተለው ሰው እዚያው ይቀራል። ያን ቀን ሥራ አልነበረኝምና ቦርሳዬን አንስቼ ሚኒባስ ያዝኩ።

ስደርስ አጎቴ ብርቱካን ሥር ቁጭ ብለው ዲጅኖ ይሞርዳሉ። ሰላም ካልኳቸው በኋላ፣ ገና ሳልቀመጥ፣ «እሷ ናት የጠራችሽ?» አሉ።

«ናፍቀውኝ ነው የመጣሁት።»

«በሰኞ አይናፍቁም። ስሚኝ ልጄ፣ ነገሩ ቀላል ነው። ታች ድንጋይ ተጋድሟል። የውሃውን ዓይን የዘጋው እሱ ነው። በዲጅኖ ከፈነቀልኩት አለቀ።»

«ድንጋይ መሆኑን በምን አወቁ?»

«በገመድ ብረት አስሬ አውርጄ ነካሁታ» አሉና ሙረዳቸውን ቀጠሉ።

ልመና እንደማይሠራ ስላወቅሁ ሌላ መላ ፈለግሁ። ቦርሳዬ ውስጥ የሙሽራ መኪና ኮፈን ላይ የማስራት ትንሽ ካሜራ ነበረች። ውሃ የማያስገባ የራሷ ብርጭቆ መሳይ ሽፋን አላት። ገዝቼ ካመጣኋት ጊዜ ጀምሮ ውሃ ውስጥ ልከታት እጄን ይበላኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ አጎቴን ማዳን ብቻ ሳይሆን ይህም ልቤን ሳያሞቀው አልቀረም።

«ቅዳሜ ከመግባትዎ በፊት ታቹን ላሳይዎ» አልኳቸው። «ካሜራ ላውርድ። አይተው ይወስኑ።»

ሙረዳቸውን አቆሙ። «ካሳየሽኝ አይቼ እወስናለሁ። ካላሳየሽኝ ቅዳሜ እገባለሁ። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።»

ተስማማን። እዚያው ካሜራዋ አናት ላይ ውሃ የማይገባው የእጅ ባትሪ በጎማ ጥፍር አድርጌ አሰርኩና በገመድ አወረድኳት። ውሃ ውስጥ ያለች ካሜራ ወደ ስልክ ምስል አትልክም፤ ቀርጻ እስክትወጣ መጠበቅ ነው። ጎትቼ አወጣኋት፣ ጠራረግኳት፣ ሦስታችንም ስልኬ ላይ አቀረቀርን። ከውሃው በላይ ያለው ግድግዳ ቁልጭ ብሎ ታየ። ውሃው ውስጥ ስትገባ ግን ስክሪኑ በሙሉ ነጭ ሆነ። ነጭ ነጠብጣብ ብቻ፤ እስከ መጨረሻው።

«ይህን ለማየትማ ወፍጮ ቤት ይበቃኝ ነበር» አሉ አጎቴ።

ተናደድኩ። ስናደድ ዕቃ እወቅሳለሁ፤ ከመርሳ እስከ ሲሪንቃ ካሜራዋን፣ ከሲሪንቃ እስከ ወልድያ ባትሪውን ስረግም መጣሁ። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የገባኝ በማግስቱ ነው። ማክሰኞ ጠዋት የሰርግ አልበም ላደርስ ወደ ድልብ ስወጣ ዳገቱ ላይ ጉም ጠበቀን። ሾፌሩ ረጅሙን መብራት አጥፍቶ ዝቅ ብለው የተገጠሙትን ትንንሾቹን አበራ። ከጎኑ ስለተቀመጥኩ ለምን እንዳጠፋው ጠየቅሁት።

«ረጅሙን ካበራሁማ የሚያሳየኝ ጉሙን ነው፣ መንገዱን አይደለም» አለኝ።

«ውይ እኔ ቂል!» ብዬ ጮህኩ። ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሾፌሩም ምን እንዳስቀየመኝ አልገባውም።

እኛ ሰርግ ቀራጮች መብራት የምናስረው ካሜራው አናት ላይ ነው። የሙሽራዋ ፊት በርቶ መታየት አለበት፤ እስክስታ የሚመታው ሰው መሃል ገብተን ወደ ጎን የተዘረጋ መብራት ብንይዝ ደግሞ የሰው ዓይን እናወጣለን። እጄ ይህን ከመልመዱ የተነሳ ጉድጓድ ውስጥም ሙሽራ ያለች ይመስል አናቷ ላይ አሰርኩት። የጉድጓድ ውሃ ግን ደቃቅ አፈር አለበት። መብራቱ ከሌንሱ አጠገብ ሲሆን የሚያበራው ሌንሱ ፊት የሚንሳፈፈውን አፈር ነው። መብራቱ ወደ ጎን ርቆ፣ ከዳር አጋድሎ ማብራት አለበት። ይህን አስራ ምናምን ዓመት የካሜራ ሰው የሆንኩት እኔ ከአንድ የሚኒባስ ሾፌር ተማርኩ።

ቤት ስገባ ስልኬን ይዤ ተቀመጥኩ። ጉድ ነው! ባህር ውስጥ የሚቀርጹ ሰዎች ይህን ችግር ከፈቱት ቆይተዋል። ካሜራው ከሥሩ ጠፍጣፋ መቀመጫ ላይ ይታሰራል፤ መቀመጫው ግራና ቀኝ እጀታ አለው፤ ከእጀታዎቹ ላይ እንደ ሸርጣን የሚታጠፉ የሚዘረጉ ክንዶች ይወጣሉ፤ መብራቶቹ ከክንዶቹ ጫፍ ላይ ናቸው። አንድ እጀታ ይሻላል ወይስ ሁለት? ክንዱ አጭር ይሁን ረጅም? ሰዎቹ ስለዚህ ሲከራከሩ የሚውሉበት ገጽ ሁሉ አለ! ባህር አይቼ አላውቅም፤ ግን እዚያ ገጽ ላይ ቤቴ የገባሁ ያህል ተሰማኝ። ያየሁትን ሁሉ አማረኝ። ከውጭ ማስመጣት ግን ሳምንታት ይፈጃል፤ የእኔ ቀጠሮ ቅዳሜ ነው። ስለዚህ እዚሁ ወልድያ ላሠራ ቆረጥኩ።

ረቡዕ ጠዋት የአሉሚኒየም በርና መስኮት የሚሠራ ሰው ወርክሾፕ ሄድኩ። በእርጋታው የታወቀ ባለሙያ ነው። በወረቀት ሥዬ የወሰድኩትን አገላብጦ አየና «እህቴ፣ ይህ በር ነው መስኮት?» አለኝ።

ነገርኩት። ለጉድጓድ መሆኑን፣ አጎቴ ቅዳሜ እንደሚገቡ፣ ከዚያ በፊት ታቹን ማየት እንዳለባቸው። ወረቀቱን አስቀመጠና በእጁ የነበረውን ሥራ ወደ ጎን አደረገ።

መቀመጫው ከምን ይሁን በሚለው ጀመርን። የላሜራ ብረት አነሳን፤ ዝገቱና ክብደቱ አስጠላኝ። ከቤት የፕላስቲክ መክተፊያ ደብቄ አምጥቼ ነበር፤ ብሎን ሲጠብቅበት ጎበጠ። በመጨረሻ ከሱቅ መስኮት የተረፈ ወፍራም የአሉሚኒየም ቁራጭ ከጥግ አወጣ። በእጄ ስይዘው ቀለል ያለ ግን የማይበገር ነው፤ ወደድኩት። መሃሉ ላይ አንድ ቀዳዳ ሊበሳ ሲል አስቆምኩት።

«አንድ አይደለም፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በመስመር ብዙ ብሳልኝ። ካሜራዋን እንደ ልቤ ላንቀሳቅሳት።»

«አንዲት ካሜራ ስንት ቀዳዳ ትፈልጋለች?» እያለ በሳልኝ። ለእጀታ የበር እጀታ ሁለት ገጠመልኝ። ከባህር ሰዎቹ እጀታ የሚያንስ አይደለም።

ክንዱ አስቸገረን። መጀመሪያ ከጠረጴዛ መብራት ላይ የሚተጣጠፍ አንገት ፈትተን ሞከርን፤ የእጅ ባትሪው ሲታሰርበት አንገቱን ደፋ። ቀጥ ያለ አሉሚኒየም ሞከርን፤ ጠንካራ ነው፣ ግን አንዴ ከታሰረ መብራቱን ማዞር አይቻልም። ተስፋ ልቆርጥ ስል አንዲት ባጃጅ ወርክሾፑ በር ላይ ቆመች፤ ሾፌሩ እጁን አውጥቶ የጎን መስታወቱን አስተካከለ። መስታወቱ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ዞረና የተተወበት ቦታ ላይ ቀጥ አለ። እኔና ባለሙያው ተያየን። እሱ ሳቀ፤ እኔ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ሮጥኩ።

የባጃጅ መስታወት ክንድ መጋጠሚያው እንደ ልብ ይዞራል፤ ሲያጠብቁት ደግሞ አይነቃነቅም። አራት ገዝቼ መጣሁ፤ ሱቁ ውስጥ ያለው ሰው «ስንት ባጃጅ አለሽ?» አለኝ። ባለሙያው መስታወቶቹን አውልቆ፣ መጋጠሚያዎቹን በአሉሚኒየም ቱቦ አያያዘልኝ። መብራት በራቀ ቁጥር ይሻላል ያሉትን አንብቤ ስለነበር ረጅም አስደረግኩት። ግራና ቀኝ ዘርግቼ ስይዘው ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ደስታዬ መሃል አንድ ነገር ትዝ አለኝ፤ የጉድጓዱን ወርድ አለካሁም!

አጎቴ ጋ ደወልኩ። «ሜትር ነው» አሉኝ። «ቀለበቶቹን አንድ በአንድ ያስቀመጥኩት እኔ አይደለሁም እንዴ?» የእኔ ክንዶች ሲዘረጉ ከዚያ ይበልጡ ነበር። ባህር ግድግዳ የለውም፤ ጉድጓድ ግን አለው። ሁሉም አልቆ ሳለ ማሳጠር እንዳለበት ለባለሙያው ስነግረው አንገቱን ነቀነቀ።

«ቅድም ርዘም አልሽ፣ አሁን እጠር አልሽ። የሙሽራ ቀሚስ አደረግሽው እኮ» አለና ቆረጠልኝ። ከግድግዳው ጋር እንዳይጋጭ ከዳር እስከ ዳር ሰባ ሳንቲ ሜትር ላይ አቆምነው።

ሐሙስ ሁለተኛ የእጅ ባትሪ ገዛሁና ግቢዬ ውስጥ በርሜል ሙሉ ውሃ አዘጋጀሁ። መጀመሪያ መሣሪያውን በአንድ ገመድ አንጠለጠልኩት፤ እንደ እንዝርት ተሽከረከረ። ለካ እጀታዎቹ ለእኔ የሚጠቅሙኝ ገመድ ለማሰር ነው። ከሁለቱም እጀታ ሁለት ገመድ ሳስር ቀጥ አለ። ቱቦዎቹ አየር ይዘው አልሰምጥ ሲሉ በምስማር በሳኋቸው፤ ውሃ ገባቸውና ሰመጡ። አፍንጫውን ሲደፋ ካሜራዋን አንድ ቀዳዳ ወደ ኋላ ወሰድኳት፤ ተስተካከለ። ከዚያ በርሜሉ ሥር የሾርባ ማንኪያ ጣልኩ፤ ውሃውን ደግሞ በአንድ እፍኝ አፈር አደፈረስኩት። መብራቶቹን ካሜራዋ ጎን አስጠግቼ ቀረጽኩ፤ ያው የወፍጮ ቤቱ ነጭ ዱቄት ነው። ክንዶቹን ዘርግቼ መብራቶቹን ከዳር አጋደልኩና እንደገና ቀረጽኩ። ማንኪያው ታየ! እጀታው ላይ ያለው አበባ ሳይቀር! እልልታዬን አቀለጥኩት። ባለቤቴ የሆነ ሰው የወለደ መስሎት ሮጦ ወጣ፤ ማንኪያ አሳየሁት።

ቅዳሜ በማለዳ ደረስኩ። አጎቴ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሱሪያቸውን ጠቅልለው፣ ገመድና ዲጅኖ አዘጋጅተው የጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። አክስቴ አጠገባቸው ቆመዋል፤ እንቅልፍ ያገኙ አይመስሉም። መሣሪያዬን ከጨርቅ ስፈታ አጎቴ ሳቅ አመለጣቸው።

«ምንድነው ይሄ? አንበጣ ነው?»

«አንዱን ገመድ ይያዙልኝ። እኔ ሌላውን እይዛለሁ። እኩል እኩል እንልቀቅ።»

እየተያየን ለቀቅን። በየሜትሩ የጨርቅ ቁራጭ አስሬ ነበር፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ ስቆጥር አጎቴም ሳይታወቃቸው አብረውኝ መቁጠር ጀመሩ። ውሃው ላይ ስታርፍ ድምፅ ሰማን። ሁለቱ መብራቶች ውሃው ውስጥ ተራርቀው ሲበሩ ከላይ ታዩን። ታች ስትደርስ ቀስ ብለን አዞርናት፣ ጠበቅን፣ አወጣናት። ሽፋኑን አክስቴ ከፈቱልኝ።

ፀሐዩ እንዳያንጸባርቅብን ሦስታችንም የአጎቴ ጋቢ ሥር ገባን። የውሃው ወለል አለፈ፤ ነጭ ዱቄት የለም። ቀለበቶቹ አንድ በአንድ ወደ ላይ ሄዱ፤ አረንጓዴ የለበሰው ሲሚንቶ፣ የብረት መወጣጫው፣ የሞተሩ ቱቦ። የአጎቴ ትንፋሽ ጆሮዬ ላይ ነበር። ታች ስትደርስ በአንድ ጎን ደቃቅ አሸዋ ሲጨፍር አየን፤ ከሥሩ የሆነ ነገር እየገፋው ይነሳል፣ ይወርዳል፣ ይነሳል።

«ዓይኑ ነው!» አሉ አጎቴ። «ሕያው ነው! አልሃምዱሊላህ! በብርቱካኑ በኩል ነው የሚመጣው፤ እዚያ በኩል ሌላ ጉድጓድ ቢወጣ እንኳ...»

አክስቴ አቀፉኝ። እኔ በደስታ ሰከርኩ፤ ያ ሁሉ አሸዋ በየፍሬው ይታያል! «አዩት? አዩት ስንት እንደጠራ? ክንዱ እኮ ነው» እያልኩ ለፈለፍኩ። ምስሉ ቀጠለ። ካሜራዋ ዞረች፤ አጎቴ ያሉት ድንጋይ መጣ።

ድንጋይ አልነበረም። የመጨረሻው ቀለበት ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ ወለሉ ላይ ተጋድሟል። ከላዩ ያለው ቀለበት ከቦታው ወጥቶ በአንድ ጫፉ ያረፈው እዚያ ስባሪ ላይ ነው። ከእሱ በላይ ያለው ግድግዳ ሁሉ፣ እስከ ላይ ድረስ፣ የተቀመጠው እዚያች ጫፍ ላይ ነው። ይህን ለማንበብ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም ነበር። በዲጅኖ ሊፈነቀል የታሰበው ያ ስባሪ ነው።

«መልሺው» አሉ አጎቴ። መለስኩት። «እንደገና።» መለስኩት።

«እንኳን አየነው» አልኩ፣ ገና ደስታዬ ሳይበርድ። «ድንጋይ ነው ብለው ሊገቡ ነበር እኮ!»

አጎቴ ጣታቸውን አውጥተው ስክሪኑ ላይ፣ ስባሪው ላይ አደረጉ።

«የቆምኩት እዚህ ላይ ነው» አሉ።

«ምን አልክ አንተ?» አሉ አክስቴ።

«የትናንቱን ሳይሆን ያለፈው ሳምንት ጁምዓ፣ ከሰላት መልስ። አንቺ ገበያ ነበርሽ። ሞተሩ አየር መማግ ሲጀምር አጥፍቼ፣ ጭሱ እስኪወጣ ጠብቄ ገባሁ። ገመድ ያልኳችሁ ውሸት ነው፤ በእግሬ ነው የነካሁት። ውሃው እስከ ወገቤ ነበር፣ ደፍርሷል፣ አይታይም። ድንጋይ መሰለኝና በተረከዜ ደጋግሜ ገፋሁት። ዲጅኖውን ከላይ ረስቼው ነበር። እንዴት እንዲህ ትረሳለህ እያልኩ ራሴን ስረግም ነው የወጣሁት።»

የስልኩ መብራት እጄ ላይ እንዳለ ጠፋ። አክስቴ አልተቆጡም፣ አልጮሁም። መሬቱ ላይ ቁጭ አሉና የአጎቴን ባዶ እግር በሁለት እጃቸው ግጥም አድርገው ያዙ፤ አጎቴም እንዲለቋቸው አልጠየቁም።